ከባድ ሙዚቃና የጎጃም ትከሻ

ጭፈራ የሌለበት ሙዚቃ ሞልቷል፤ ሙዚቃ የሌለበት ጭፈራ ግን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንድ አዲስ ዐይነት ሙዚቃ ወደ አገራችን በገባ ቁጥር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ያስጨፍራልን?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ተራ የጨዋታ ጥያቄ መስሎ ይታይ እንጂ በውስጡ ብርቱ ፍርድ አለበት። በልማዳችን ሰርግ የማያደምቅ፣ ትከሻ የማያነሣ ዜማ ወይ የኀዘን ነው፣ ወይ የጸሎት ነው፣ ወይም የባዕድ ነው ይባላል። የባዕድ ነው የተባለውም ሙዚቃ ከመድረክ ይገለላል፤ ተጫዋቾቹም ከወገናቸው ልማድ እንደ ወጡ ይቆጠራሉ።

ይህ ፍርድ በአሁኑ ጊዜ ከሚወድቅባቸው ሙዚቃዎች አንዱ ሄቪ ሜታል የተባለው ነው። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ከባድ ብረት» ማለት ይሆናል። በዚህ ሙዚቃ የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል፤ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ያጉረመርማል፤ ድራም መቺው እጆቹንና እግሮቹን አስተባብሮ በብርቱ ይመታል፤ ዘፋኙም እንደ ሁኔታው ያንጎራጉራል፣ ይጮኻል፣ ያጓራል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሙዚቃ ሰውነትን ለጭፈራ ሊያነሣ ይችላልን? ወይስ ለጆሮ ብቻ፣ ምናልባትም ጆሮን ለማድከም ብቻ የተሠራ ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው።

ምርመራችንን የምናካሂደው ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ሆነን ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በዚህ ስፍራ የገዳማቱ ከበሮ፣ የአዝማሪው መሰንቆና የጎጃም እስክስታ በአንድ አካባቢ ይገናኛሉ። ከተማዋ ዩኒቨርስቲ አላት፤ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አላት፤ በየትምህርት ቤቱም የሙዚቃና የቴአትር ክበብ ለማቋቋም የሚጥሩ መምህራን አሏት። የዓለም ሙዚቃ ዛሬ በየወጣቱ ኪስ ባለው ስልክ ስለሚደርስ፣ ጊታር ይዞ «ይህን መጫወት እወዳለሁ» የሚል ተማሪ ሲመጣ መምህሩ አንድ መልስ መስጠት አለበት። መልሱ በችኰላ የተሰጠ እንደ ሆነ አንድ ጥሩ ሙዚቀኛ ከመጀመሪያው ሊጠፋብን ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ወጣቶች መዝናኛ ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይናገራሉ። አንደኛው ወገን ባህል ወዳዱ ነው። እርሱም «ይህ ጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ አያስጨፍርም» ይላል። ሁለተኛው ወገን የሄቪ ሜታል ወዳጅ ነው። እርሱ ደግሞ «ሙዚቃችን ቁም ነገር ያለው ነው፤ ጭፈራ ክብሩን ይቀንሰዋል» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ተጣልተው የሚኖሩ ይመስላሉ፤ ሆኖም ሄቪ ሜታልና ጭፈራ አይገናኙም በማለት አንድ ቃል ተናጋሪዎች ናቸው። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች አጥብቀው ያልመረመሩት ነገር እንዳለ እናምናለን።

አስቀድመን «ከባድ» የሚለውን ቃል እንፈትሽ። አንድ ሙዚቃ ከባድ ነው ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። የድምፁ ጠባይ ሻካራና ወፍራም ሊሆን ይችላል። የመንፈሱ ጠባይ የሚያስፈራና የሚያስጨንቅ ሊሆን ይችላል። ምቱም በጉልበት የሚወርድ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሦስቱ አንዳንዴ አብረው ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ይለያያሉ። ለያይተን ካላየናቸው በአንዱ ጥፋት ሌላውን እንቀጣለን።

ስለ ድምፅ ሻካራነት በገናችንን እንመልከት። በገና 10 ጅማት ያለው፣ ድምፁ የወፈረና የሚያጉረመርም መሣሪያ ነው። ያ ነዘር ነዘር የሚለው ድምፅ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በጅማቱና ጅማቱ በሚያርፍበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች ይገባሉ፤ ደርዳሪውም ድምፁ በሚገባ እስኪነዝር ድረስ እነርሱን በትዕግሥት ያስተካክላል። የሄቪ ሜታል ጊታር መቺም በኤሌክትሪክ ማጉያው የሚፈልገው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ ንጹሑ ድምፅ በቂ ሆኖ ስላላገኘው ንዝረት ይጨምርበታል። እንግዲህ ሻካራ ድምፅ የባዕድ ምልክት ነው የሚል ሰው አስቀድሞ ከበገና ጋር መሟገት ይኖርበታል። በበገና ግን ማንም አይጨፍርም። ይህ የሚያሳየን የድምፅ መሻከር ብቻውን ጭፈራን እንደማያመጣ ነው። ጭፈራን ያስቀራል ብለን ግን ገና መናገር አንችልም።

ስለ መንፈስ ክብደት ደግሞ ፉከራንና ሽለላን እናስብ። ሸላዩ ቃሉን እንደ ጦር ይወረውራል፤ ድምፁን ያስረዝማል፤ በድንገት ይቆርጣል፤ እየተንጐራደደ ይናገራል። የሚሰማው ሰው ደሙ ይፈላል። ይሁን እንጂ ሽለላ በተወሰነ ምት ላይ ስላልታሰረ ትከሻ ሊከተለው አይችልም። ሰውነት ይነሣል፤ ነገር ግን የሚያርፍበትን ቦታ አያውቅም። ቀረርቶው አልቆ ከበሮና ጭብጨባ ሲገቡ ያው የተነሣው ሰውነት ወዲያው እስክስታ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያስፈራ መንፈስም ጭፈራን አይከለክልም፤ ምት እስኪያገኝ ድረስ ያቆየዋል እንጂ።

የቀረን የምቱ ክብደት ነው፤ የጥያቄያችንም ቁልፍ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋችን ይመሰክርልናል። ከበሮ «ይመታል» እንላለን፤ እስክስታም «ይመታል» እንላለን፤ «ምት» የሚለውም ቃል ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ደግሞም እስክስታ «ወረደ» እንላለን። የሚወርድ ነገር ክብደት ያለው ነገር ነው። አባቶቻችን ለጭፈራ የመረጡለት ቃል ላባ እንደሚንሳፈፍ ያለ ቃል አልነበረም፤ የሚመታና የሚወርድ ቃል ነው። ጭፈራ ቀላል ነገር፣ ክብደትም የጭፈራ ጠላት ነው የሚለው አሳብ ከቋንቋችን የተገኘ አይመስለንም።

ምት እንዴት ሰውነትን እንደሚያነሣ ለመረዳት ወደ ሙቀጫ እንሂድ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዘነዘናው ከባድ ነው። አንዲቱ ስታወርድ ሁለተኛይቱ ታነሣለች። ሥራው የሚያምረው፣ እጅም የማይጋጨው፣ ሁለቱም ዘነዘናው በአየር ላይ የሚቆይበትን ጊዜ አስተካክለው ስለሚያውቁት ነው። ትከሻቸውና ወገባቸው የሚወዛወዘውም በዚያው ክፍት ጊዜ ውስጥ ነው። ዘነዘናው ቀላል ቢሆን ኖሮ በእጅ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ከባድ ስለ ሆነ ግን መላው ሰውነት ይገባበታል።

ሁለት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ ከዚህ እንማራለን። አንደኛው ምቱ በታመነ ጊዜ መመለሱ ነው፤ ሁለተኛው በምትና በምት መካከል ሰውነት የሚገባበት ክፍት ቦታ መኖሩ ነው። የውጭ አገር ሙዚቀኞች ግሩቭ የሚሉት፣ ሰሚውን ይዞ የሚያወዛውዘው የምት ጠባይ፣ እኛ እንደምንረዳው የእነዚህ የሁለቱ መስማማት ነው። መመለስ ብቻ አይበቃም። ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ በተሠራው በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪናዎቹ ምት ሳይሳሳት ይመላለሳል፤ ነገር ግን ክፍተት የሌለው ምት ስለ ሆነ ማንንም አያስጨፍርም። ክፍት ቦታም ብቻውን አይበቃም፤ ሽለላ በዝምታ የተሞላ ነው፤ የሚመለስበትን ሰዓት ግን ሸላዩ ብቻ ያውቃል።

ይህን ትምህርት ከሁሉ ይልቅ አጥርተው የሚያውቁት በጣና ዳርና በደሴቶቹ ባሉት ገዳማት፣ በደብረ ታቦርና በጎንደርም ባሉት የአቋቋም ጉባኤ ቤቶች የተማሩ ሊቃውንት ናቸው። ማሕሌት ጭፈራ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ስለዚህ ከዘፈን ጋር ልናወዳድረው አይገባም። ሆኖም ስለ ምት ክብደት የሚሰጠውን ትምህርት መቀበል ነውር የለውም። ዜማው በቁም ሲባል ከበሮ አይመታም። በዝማሜ መቋሚያው ብቻ ይንቀሳቀሳል። መረግድ ሲደርስ ከበሮው ይገባል፤ አመታቱም ዝግ ያለና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ምቱ እየተመላለሰ ይፈጥናል፤ በጽፋትም ጭብጨባው ይጨመርበታል። ሽብሸባው የሚያምረው የመጀመሪያው ክብደት በሚገባ ስለ ተያዘ ነው። መረግዱን ዘልሎ ወደ ጽፋት የሚሮጥ መሪ ቢኖር ሕዝቡን ያደናግራል። ከባዱና ዝግተኛው ምት የእንቅስቃሴ መሠረት እንጂ መሰናክል አይደለም ማለት ነው።

አሁን ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ሄቪ ሜታል ታሪክ እንሻገር። ሙዚቃው የተወለደበት ስፍራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በእንግሊዝ አገር ያለችው በርሚንግሃም የተባለች የፋብሪካ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የተቋቋመው ብላክ ሳባዝ የተባለው ቡድን በ1970 ዓ.ም. የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። የቡድኑ ጊታር መቺ ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ መኪና ቈርጦበት ነበር። ለተጐዱት ጣቶቹ እንዲቀለው ቀጫጭን ክሮችን መረጠ፤ በኋላም ክሮቹን አላልቶ መቃኘት ጀመረ። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፤ ድምፁ ሲወርድም ዛሬ የምናውቀው ከባድነት እየጐላ መጣ።

ነገር ግን በዚያው ቡድን ድራሙን የሚመታው ቢል ዋርድ ጆሮው በአሜሪካ የጃዝ ከበሮ መቺዎች የተገራ ሰው ነበር። ጃዝ ደግሞ በዘመኑ የጭፈራ ሙዚቃ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በመሆኑም ጊታሩ እንደ ዘነዘና ሲወርድ፣ ድራሙ ከሥሩ እየተወዛወዘ ክፍቱን ጊዜ ይሞላው ነበር። ሄቪ ሜታል ከጭፈራ ጋር አይገናኝም የሚለው የሙዚቃው ወዳጅ ይህን የልደት ታሪክ ቢያስተውል መልካም ነበር። ውዝዋዜው ከውጭ የተጨመረ ቅመም ሳይሆን ከመጀመሪያው በቡኾው ውስጥ የነበረ እርሾ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1980ዎቹ ብዙ ቡድኖች ፍጥነትን የችሎታ ማሳያ አደረጉት። ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ በምትና በምት መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ጠበበ፤ በአንዳንዶቹም ፈጽሞ ጠፋ። ያን ጊዜ ሙዚቃው ወደ ሽመና መኪናው ቀረበ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን የቴክሳሱ ፓንቴራ የተባለው ቡድን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ምቱን አክብዶ፣ ክፍተቱን መለሰ፤ የዚህ ዐይነቱም ሙዚቃ ግሩቭ ሜታል ተባለ። በብራዚልም ሴፑልቱራ የተባለው ቡድን በ1996 ዓ.ም. «ሩትስ» ማለትም «ሥሮች» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የአገሩን ከበሮዎች አስገባ፤ ሻቫንቴ ከተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦችም ጋር ሆኖ ቀረጸ። ብራዚላውያኑ ያደረጉት ነገር ለእኛ ትልቅ ምሳሌ ነው። የባዕዱን ጊታር ከመጣልም፣ የአገራቸውን ከበሮ ከመርሳትም ተቈጥበው፣ ከባዱን ጊታር በአገራቸው ምት ላይ አሳረፉት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሙዚቃው ነው። ስለ ጨፋሪውስ ምን እንላለን? አንዳንድ ሰዎች የሄቪ ሜታል አድማጮችን ተመልክተው «እነዚህ አይጨፍሩም፤ አንድ ቦታ ቆመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ» ይላሉ። ይህ አስተያየት ጭፈራን በእግር ብቻ ከሚለካ አገር የመጣ አስተያየት ነው። በአውሮፓ ቫልስም ሆነ ታንጎ የሚታወቀው በእግር አረማመድ ነው፤ እግሩ ያልተራመደ ሰው እንዳልጨፈረ ይቆጠራል። የጎጃም ሰው ግን እንዲህ ብሎ ሊፈርድ አይችልም። እስክስታ የሚወርድ ሰው እግሩን በጥቂቱ ቢያንቀሳቅስ ወይም ባለበት ቢቆም ማንም አይወቅሰውም። የሚመዘነው በትከሻው፣ በደረቱና በአንገቱ ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቱን ሲሰብቅ፣ ትንፋሹን በጥርሱ መካከል እያፏጨ ሲያወጣ፣ ተመልካቹ «ይበል!» ይላል።

እንግዲህ የሄቪ ሜታል አድማጭ በየምቱ አንገቱን ወደ ፊት እየወረወረ ሲመልስ ምን እያደረገ ነው? እግሩ ቆሟል፤ ጉልበቱ በጥቂቱ ታጥፏል፤ ክብደቱ ከወገብ በላይ ነው፤ ምቱ ሲወርድ ራሱ ይወርዳል። ይህ ከእስክስታ ጋር አንድ ነው አንልም። እስክስታ የጥንድና የጉባኤ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይጠራበታል፤ ዘርፉም ብዙ፣ ሥርዐቱም ጥብቅ ነው። የሜታሉ አድማጭ እንቅስቃሴ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ገና ጥሬ ነው። ሆኖም ዘመድ ናቸው። ምቱን ከወገብ በላይ የሚቀበል ሕዝብ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም፤ እኛ አንዱ ነን። ስለዚህ ይህን ሙዚቃ ለጭፈራ ለመቀበል የአካል ልማድ ከሚያግዛቸው ሕዝቦች መካከል መቆጠር ሲገባን፣ አያስጨፍርም ብለን ቀድመን መፍረዳችን የሚያስገርም ነው።

አንድ የሙያ እንቅፋት ግን አለ፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። የእስክስታችን ምት ብዙውን ጊዜ ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉት ነው። አንዱ ዙር በ6 ይከፈላል፤ ስድስቱም ሦስት ሦስት ሆነው በ2፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው በ3 ሊሰሙ ይችላሉ። ትከሻችን የሚጫወተው በእነዚህ በሁለቱ አሰማሞች መካከል ነው። ሄቪ ሜታል ግን ባብዛኛው በ4 የሚቆጠር ነው። በአራት የለመደ ድራም መቺ እስክስታ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። ቢሆንም መንገዱ ዝግ አይደለም። አራቱ ምቶች እያንዳንዳቸው በ3 ሲከፈሉ የሚወዛወዝ ምት ይወጣል፤ ይህም ለእኛ ስድስት ቅርብ ጎረቤት ነው። የስዊድኑ ሜሹጋ የተባለው ቡድን ደግሞ ጊታሩ በአንድ ቁጥር፣ ጸናጽሉ በሌላ ቁጥር እየሄዱ በኋላ እንዲገናኙ አድርጎ ይጫወታል። ሁለት ቁጥር በአንድ ጊዜ መስማት ለባሕር ዳር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጭብጨባና በከበሮ መካከል ሲሰማው አድጓል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች ሥራ እንምጣ። ከባድ ድምፅን ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር ለማገናኘት የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂት ቢሆኑም የሚናቁ አይደሉም። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን በማሻገር የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። እርሳቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ቡድን ጋር ሆነው «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። ዘ ኤክስ የፓንክ ቡድን ነው እንጂ የሜታል አይደለም፤ ጊታሮቹ ግን ሻካሮችና ብርቱዎች ናቸው። በዚያ ሥራ የታየው ነገር ከላይ ስለ ሽለላ የተናገርነውን ያጸናል። ምት አልባ የነበረው የሸላይ ድምፅ የሚያርፍበት የከበደ ምት ሲያገኝ፣ ቁጣው ሳይጠፋ ጭፈራ ሆነ። ጌታቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ዐረፉ፤ ያሳዩት መንገድ ግን ዛሬም ክፍት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በፈረንሳይ አገር በሊዮን የተቋቋመው ኡካንዳንዝ የተባለው ቡድን ነው። ከኢትዮጵያዊው ድምፃዊ ከአስናቀ ገብረየስ ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. «ይቻላል» የተባለውን አልበም አወጣ፤ የቈዩ የኢትዮጵያ ዘፈኖችንም በከባድ ጊታርና በብርቱ ድራም ተጫወተ። የአልበሙ ስም ራሱ ለጥያቄያችን መልስ የሰጠ ይመስላል። በዚህ ሥራ የምናደንቀው ድምፃዊው ጩኸቱን ለማሸነፍ ብሎ አለመጮኹን ነው፤ ጉሮሮውን እንደ ልማዱ እያንቀጠቀጠ ይዘፍናል፤ ከባዱም ሙዚቃ ተሸክሞት ይሄዳል። የምንነቅፈውም አለ። አንዳንድ ጊዜ ፈረንሳውያኑ ሙዚቀኞች ምቱን ለመሰባበር ስለሚቸኩሉ ትከሻ ሊይዘው የጀመረው ነገር ያመልጠዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ በአገር ውስጥ የታወቀው በአዲስ አበባ የተቋቋመው ጃኖ ባንድ ነው። ስሙን የወሰደው ከጥንቱ የክብር ልብስ ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «ኤርታ አሌ» በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ አልበሙን ያዘጋጀውም አሜሪካዊው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። በዚያ አልበም ወንዶችና ሴቶች ድምፃውያን በአማርኛ ሲዘፍኑ ከኋላቸው የሮክ ጊታር ይወርዳል። ቡድኑ የሮክ ቡድን ነው እንጂ ሜታል ነው ብሎ ማለት ስሙን ማስፋት ይሆናል፤ ነገር ግን ከአገራችን ቡድኖች መካከል ወደዚህ ክብደት ከቀረቡት ዋነኛው ነው። ስለ እርሱ ያለንን አስተያየት በግልጽ እንናገር። ጊታሩ አጭር ሐረግ ይዞ እንደ አዝማሪ መሰንቆ በሚመላለስበት፣ ድራሙም የስድስቱን ዙር በሚጠብቅበት ጊዜ፣ ሥራው የተዋጣ ነው፤ ሰው ከወንበሩ ሳያስበው ይነሣል። ጊታር መቺው ችሎታውን ለማሳየት ረዥም ዜማ በፍጥነት ሲያወርድ ግን ትከሻ ቆሞ ይጠብቃል። ችሎታው ይደነቃል፤ ጭፈራው ይቋረጣል።

ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች አንድ ፍርድ እናወጣለን። ከባድ ሙዚቃ የሚያስጨፍረው ክብደቱን ሲቀንስ ወይም ራሱን ለማለዘብ ሲል አይደለም፤ ክብደቱን በታመነ ሰዓት ሲያወርድና ለሰውነት ክፍት ቦታ ሲተው ነው። የማያስጨፍረውም ከባድ ስለ ሆነ ሳይሆን ችኵል ወይም የተጨናነቀ ስለ ሆነ ነው። እንዲህም ስንል ሁሉም ሄቪ ሜታል መጨፈሪያ ይሁን ማለታችን አይደለም። በገና ሳይጨፈርበት ታላቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ሜታልም የራሱ ክብር ይኖረዋል። የምንቃወመው ሳይመረምሩ «አይቻልም» ማለትን ነው።

ይህንኑ መለኪያ ወደ ሌላው ወገንም ማዞር ይገባል፤ ፍርድ ለአንዱ ብቻ አይሆንምና። ዛሬ በሰርግና በምሽት ቤት «የባህል ዘፈን» ተብሎ ከሚቀርበው ብዙው ከበሮ መቺ የለውም። አንድ ሰው በኪቦርድ ቁልፍ ተጭኖ የተዘጋጀ ችክችካ ያስነሣል፤ ምቱም እስከ መጨረሻ ሳይተነፍስ ይመላለሳል። ዜማው የአገር ነው፤ ልብሱም የአገር ነው፤ ምቱ ግን የሽመና መኪናው ምት ነው። ሕዝቡ ከልማድ የተነሣ ይጨፍርበታል፤ ነገር ግን ጥሩ እስክስታ መቺ ከበሮውን በዐይኑ ጠርቶ ሲያፋጥነውና ሲያዘገየው ይታይ የነበረው ምልልስ እየጠፋ ነው። ጊታርን በባህል ስም ከመድረክ የሚያባርር ኃላፊ ይህን መኪና ዝም ብሎ ካሳለፈ የጠበቀው የባህሉን ልብስ ብቻ ነው፤ የባህሉን ትንፋሽ አልጠበቀም።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥቂት ምክር እንሰጣለን። የክበባት መሪዎችና የባህል ማዕከል ኃላፊዎች ጊታር ይዞ የመጣውን ወጣት ከማባረራቸው በፊት አጠገቡ ከበሮ መቺ ያስቀምጡለት። ከበሮ መቺውና ድራም መቺው አብረው ይለማመዱ፤ አንዱ ስድስቱን፣ ሌላው አራቱን ያስተምር። እስክስታ መቺም በልምምዱ ይገኝ፤ ፍርዱ የሚሰጠው በእርሱ ትከሻ ነውና። ወጣቱም በበኩሉ የተጫወተውን ቀርጾ ለአዝማሪ ያሰማ፤ «የት ላይ ጠበበብህ?» ብሎም ይጠይቅ። አዝማሪ የሰውን ፊት እያየ ምቱን የሚያስተካክል ሰው ስለ ሆነ የሚሰጠው መልስ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል።

ለሜታል ወዳጆች ለብቻቸው የምንለው አለን። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ከባድ ሙዚቃ ከሩቅ ሲሰሙት በጉልበት ብቻ የሚሠራ ይመስላል፤ ሲይዙት ግን ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። መምታትን ማንም ይማራል፤ ምቱን ይዞ እስከ ሰዓቱ መቆየት ግን የዓመታት ሥራ ነው። መረግድን ያልተማረ ወደ ጽፋት አይደርስም። ጭፈራ ክብራችንን ይቀንሳል ለምትሉትም፣ ትከሻው የተነሣለት ሙዚቃ ተዋረደ ማለት በጎጃም ምድር የሚያስኬድ ክርክር አይደለም። በዚህ አገር ጀግናም ሲመለስ ተጨፍሮለታል፤ ክብሩ አልተቀነሰም።

ለባህል ወዳዶችም እንዲሁ እንላለን። ባህል የሚጠበቀው ጆሮን በመዝጋት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የእኛ ናቸው ብለን የምንኮራባቸው ሳክስፎንና አኮርዲዮን ከአገራችን ዜማ ጋር ባልተዋወቁ ነበር። ሳክስፎን ሽለላ ሸልሏል፤ ጊታርም እስክስታ ሊያስወርድ ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን የሚያስተምረው ከበሮ፣ የሚፈርደው ትከሻ፣ የሚታገሠውም መምህር ያስፈልገዋል። ሦስቱም በጣና ዳርቻ አሉ። የጐደለው በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያገናኛቸው ሰው ነው፤ እርሱም ከዚህ መጽሔት አንባብያን መካከል ሊገኝ እንደሚችል ተስፋ እናደርጋለን።